ሁለት ተኩስ

ኅዳር ሲገባ ደንዲ ቀኑ ባጭሩ ይቀጫል፣
ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ወንዙ ላይ ይመሻል።
እኔና ይርዳው አለን ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሁለት ሁለት ካልሲ አጥልቀን፣ ባንድ ብርድ ልብስ ሥር፣ በቴሌቪዥን ፀሐይ።
ከበሩ ራስ በላይ፣ ሥዕል በሚሰቀልበት፣
የመብራት ቆጣሪ ተለጥፏል፤ አሥራ አንድ ፔንስ ቀርቶበት።
ማክሰኞ ነው ገና። ደሞዝ ዓርብ ነው የሚገባው፤
ሱቁም ዘግቷል፤ ይህችው ሳንቲም ናት ሌሊቱን የምታነጋው።
ከመስኮቱ ማዶ ባቡር በድልድዩ ላይ ያልፋል፣
መስኮቱን ሁሉ አብርቶ፣ ያለ ስስት፣ ቴይ ወንዝ ላይ ብርሃን ይደፋል።

እኔ ደግሞ ሌላ ቤት ነኝ፤ የፈረሰ ሆስፒታል፤
አንዲት ነርስ እመራለሁ፤ ቀኝ እግሯ ያነክሳል።
ሽጉጧ ውስጥ ጥይት አለ፤ ሁለት።
ኮሪደሩ ጫፍ የቆመው ጭራቅ ሦስት ይፈልጋል ለመሞት።
ጨዋታውን የሠራ ሰው ንፉግ ነው፣ አጥንቱ ድረስ፤
አሥር መሳቢያ ጎትቼ አገኘሁ ግማሽ ፋሻ፣ ለአንድ ጣት እንኳ የማይደርስ።
ጭራቁንስ ለምጄዋለሁ፤ ሲሳብ ድምፁን፣ ሲቆም ጥላውን፤
ያቺ ጥግ ላይ ያለች ቁጥር ናት በላብ የምታርሰው መዳፌን።
ከመጀመሪያው በር ጀምሮ እያጎነበስኩ አልፌ፣
ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ፣ ትንፋሼን በጥርሴ ይዤ፣ እነዚህን ሁለት አትርፌ፣
ለክፉ ቀን አልኳቸው።

«ቀኑ ሁሉ ክፉ በሆነበት ቤት» አለ ይርዳው፣
«ያንተ ክፉ ቀን መቼ ነው?»

ተነሣ። አልጋው ሥር ሲያንኳኳ፣ ሲጎትት ሰማሁት።
«ልተኩስ» አለኝ። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣
«ተው፣ አትተኩስ፤ ሁለት ብቻ ነው ያለን፤ ትንሽ ይጠጋ» ስል፣
«ሸሚዜን» አለ።
ቆጣሪውን ቀና ብለን አየን፤ እኩል።

አሥራ አንድ ፔንስ። ለጨዋታ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል፤
ካውያ ግን ሲሰካ እሳት ነው፤ በአሥር ደቂቃ ይውጠዋል።
ነገ ሁለት ተኩል ላይ ቃለ መጠይቅ አለው፤ ብስኩት ፋብሪካ፤
አራት ወር የጠበቀው፤ አራት ወር ሙሉ ካውያው ሳይነካ።
ነርሷን የማሳድርበት፣ ሻማ ያለው ክፍል፣ ሁለት ፎቅ ይርቃል፤
አሁን ብዘጋው የሦስት ሌሊት ድካሜ እንዳልነበረ ይጠፋል።
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ዘገየ። በጨዋታው ብቻ አልነበረም፤ ያኔ አልነገርኩትም፤
ሥራ የያዘ ሰው እዚህ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ካልሲ አጥልቆ አይከርምም።

አጠፋሁት።
ነርሷ ከነሁለት ጥይቷ ጨለማ ውስጥ ቀረች፤
ካውያው ጋለ፤ ክፍላችን የሞቀ ጥጥ ሸተተች።
እሱ በአፉ ውሃ ሲረጭ እኔ ኮሌታውን ወጠርኩ፣
ቆጣሪውን በአንድ ዓይኔ እንደ ጥይት እየቆጠርኩ።
ስድስት። አራት። ደረቱ ቀና። ቀኝ እጅጌው ቀና። ሁለት።
የግራውን ስንዘረጋ ፍሪጁ ተነፈሰና ዝም አለ፤ ድርግም አለ መብራት።

«ትኩስ ነው ገና» አለ፤ በዳበሳ የእጅጌውን ጫፍ ተጫነው፤
ክርኑ ጋ ሳይደርስ ለዘዘ፤ ጭላጩን ሙቀት በአራት መዳፍ ጨረስነው።

ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ደረጃውን ሲወርድ ጠራሁት፤
«ይርዳው! ቢሞቅህም፣ ቢያልብህም፣ ኮትህን እንዳታወልቅ» አልኩት።
ሳቁ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ተሰማኝ።

ከሦስት ዓርብ በኋላ፣ ቆጣሪውን ሞልቼ፣ ብርድ ልብሱን ብቻዬን ለብሼ፣ ከመጀመሪያው በር ጀመርኩ፤
ስድስት ጥይት ሰጡኝ፤ አንዱን ባዶ ግድግዳ ላይ ተኮስኩ።