ማሳ

ሰኔ ሲገባ ነው፣ ኒሙ ሥር ያቆምናት፣
በሸራ ሸፍነን፣ በገመድ ያሰርናት፤
አራት ጎማ ያላት፣ ያባቴ ጎጆ ናት።

አልጋ አላት ባንድ ጎን፣ ምድጃ በሌላ፣
መጋረጃ ሆኗት የናቴ ነጠላ፤
ጉድጓድ ሲለካባት፣ ከኤረር እስካይሻ፣
ሌሊት የምትሆነው፣ ከጅቦች መሸሻ።
ሁለት ባትሪ አላት፤ አንዱ ለመንገዱ፣
ሁለተኛው ላምፖል፣ ለሌሊቱ ጉዱ።

ክረምቱ አለፈና፣ ደቻቱም ጎደለ፣
አባቴ ከወንበሩ ሆኖ፣ “ሸራውን ግፈፊ” አለ።
ቁልፉን አዞርሁት፤ ሞተሩ ሳል ሳል አለ፣
ተነሣም። የቤቷ ሆድ ግን ጨለማው እንዳለ።
አምፖሏ ቀላ አለች፣ እንደ ከሰል ፍም፣
ከዚያ እሷም ጠፋች። ሬዲዮኗም ዝም።
ማራገቢያዋም ዝም።

ጣሂር መጣ በባጃጅ፣ ከገንደ ቆሬ፣
ካቻቢቴ ባንድ እጅ፣ በሌላው ትኩስ ወሬ።
“ባትሪው ሞቷል አቦ!” አለ፣ ክዳኑን ገና ሳይከፍት፣
“ታይዋን ተራ ወንድሜ አለው፣ እሱ ጋ ሄዳችሁ ግዙት።”
አባቴ፣ ከጥር ወዲህ ቀኙ የማይታዘዘው፣
ቃልንም እንደ ሳንቲም ቆጥሮ የሚመዘው፣
“መጀመሪያ ለካ” ብሎ በግራ እጁ አዘዘው።

ጣሂር ቆሞ ሲያይ፣ እኔ ቴስተሩን ብነካ፣
አሥር ነጥብ ስምንት ብሎ ቀረ፤ ያ ነበር ለካ።
ሌሊቱን ከቤት ሰካነው፤ መብራት ሁለቴ ሄደ፤
ሲነጋ ግን አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ወለደ።
“ባትሪውስ ደህና ነው!” ብለው፣ የጣሂር ፈገግታ ወረደ።

ሞተሩን አስነሣን፤ ጭሱ እስከ ጎረቤት ደረሰ፤
ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት መውጣት ሲገባው፣ ቀነሰ።
“ዲናሞው ነው” አለ ጣሂር። ፈታነው። ዲናሞው ጤና።
ቺንጋውን በጣቴ መታሁ፤ እንደ ክራር ነዘረ ገና።
ፊውዞቹን፣ እንደ ዕንቁላል ገዢ፣ በፀሐይ እያሳለፍሁ፣
አንድም የተቃጠለ አጥቼ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍሁ።
ስድስት ሰዓት ሆነ። የድሬ ሰማይ ጋለ።
ጣሂር ለበርጫው ሄደ፣ “ነገ፣ ወላሂ!” እያለ።

ዝም ብለን ተቀመጥን።
ብዙ ቆይቶ አባቴ፣ አንድ ቃል ከጉሮሮው ጎትቶ፦
“ማሳ” አለ፣ ግራ ጣቱን ወደ ሻንሲው ዘርግቶ።

ልጅ ሳለሁ ማሳ ሲለኝ፣ የማሽላ እርሻ መስሎኝ፣
ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብዬ ቡቃያ ስፈልግ አይቶኝ፣
ሳምንት ሙሉ ስቆብኛል። ያኔ ሳቅ አይቸግረውም፤
አሁን ግን፣ ከጥር ወዲህ፣ ሳቅ እንኳ አይሞክረውም።

በጀርባዬ ገባሁ ከሥሯ። ጭቃው ጉንጬ ላይ ፈረሰ።
እጄ፣ ጥቁሩ ሽቦ ከሻንሲው የሚታሰርበት ደረሰ።
ክረምት መዳቡን ዘርቶት፣
አረንጓዴ በቅሏል።

“አባዬ፣ ማሽላው በቅሏል!” ብዬ ጮኽሁ፣ ከሥር ሆኜ፤
ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ፣ ትንፋሼን አፍኜ።
ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ብረቱ እስኪያበራ፤
ቡሎኑን አጠበቅሁት፣ እጄ እስኪዝል፣ በየተራ፤
ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፦ አሥራ ሦስት… አሥራ አራት…
አምፖሏም ነጣች፣ ቦግ አለች፣ ጠግባ እንዳደረች እራት።

ማታ፣ “ኤረር” አለኝ። አልሄድንም።
እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከአልጋው፣ ደግፌ አስተኛሁት፤
የናቴን ነጠላ ጋርጄ፣ ማራገቢያዋን ከፈትሁለት።
መብራቷ በርታ ካደረች፣ ባትሪው ጠዋት ይወርዳል፤
አውቃለሁ። ላጠፋ ወጣሁ።
በግራ እጁ አየሩን ጨብጦ፣ እያንኮራፋ፣ ይነዳል።

ተመለስሁ፣
ቻርጀሩን የት እንዳኖርሁት ላስታውስ።