ልዩ ልዩ ወጪዎች

መዳቡ ካለቀ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤
ሐይቁ እየነፈሰ ከተማውን በላው።
በሚሺጋን ጫፍ ላይ የቀረን ጉልላት፣
ስምንት ሜትር ስፋት፣ አርባ ወንበር ያላት፣
ሙዚየሙ ጓሮ፣ ከባቡሩ ማዶ፣
ግማሽ ዓመት ሙሉ የሚጫናት በረዶ።
ጣሪያዋ ጠብ ሲል ባልዲ እንደቅናለን፤
ማርስን ስናሳይ ባልዲው ይጮህብናል።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ በሳምንት ሁለቴ፣
የፀሐይን ዕዳ ዘርግቼ ከፊቴ።
ሌምፒ፣ አለቃዬ፣ ሌሊት ቅጽ ትሞላለች፤
እርሳስ ትነክሳለች፣ ትፍቃለች፣ ትጽፋለች።
ሮኬት ለሚያመጥቁት፣ ለሩቆቹ ሰዎች፣
ከማዕዳቸው ጥግ ፍርፋሪ ፈላጊዎች
መሆናችንን፣ በጨዋ ቋንቋ።

ጥያቄ አራት። «የተጠቃሚዎችን ብዛት በቁጥር ይግለጹ።»

«ስድስት ሺህ ሁለት መቶ» ብላ ጻፈች፤ እውነት ነው፤
ግን ኡርሆ ስንት ነው? አንድ ብዬ ልቁጠረው?
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከመሬት ሥር ሲምስ፣
በጨለማ ገብቶ በጨለማ ሲመለስ፣
ጡረታ ሲወጣ የተመኘው ምንድን ነው?
ዳግም ጨለማ ነው፣ ግን ቀዳዳ ያለው።
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ወንበር ሰባት የእሱ ነው፤
መብራት ስናጠፋ፣ «ጣሪያው ይይዛል ወይ?» ነው ጥያቄው።

ጥያቄ ሰባት። «የሚጠበቀውን ውጤት በሚለካ መልኩ ያስረዱ።»

ሌምፒ ማስመሪያ የላትም። ዴልፊን ግን አለች፣
ሳተርን ሲበራ ስታዛጋ የነበረች፣
ልትወጣ ስትል ብቻ ዞራ የጠየቀች፦
«ቀንም እዚያው ናቸው?»
«እዚያው ናቸው» አልናት።
ካፖርቷን ቆለፈች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።
መምህሯ ኋላ እንዳጫወተችን፣
በእረፍት ሰዓት፣ ልጆቹ በበረዶ ሲወጋገሩ፣
ዴልፊን አጥሩን ተደግፋ፣ አንገቷን ቀልብሳ፣
ባዶው ሰማያዊ ላይ በጣቷ ትቆጥራለች።
ይህን በስንት ሴንቲ ሜትር እንጻፈው?

ጥያቄ አሥራ አንድ የኔ ናት። በጀት።
የኮከብ ማሳያው አምፖል፤ የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፤
አንድ ሽማግሌ ምድር ቤቱ ሁለት አለኝ ብሎናል፤
ዋጋውን ግን በስልክ አይናገርም።
የቴሌስኮፕ ጋሪ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ለሩቅ ትምህርት ቤቶች።
የጣሪያ ቅጥራን። ባልዲ (አሮጌው ይበቃናል፤ ሰረዝኩት)።
«ልዩ ልዩ ወጪዎች» የምትለዋ መስመር ውስጥ
የኡርሆን ትኬት ሸሸግሁት፤
አምስት ዓመት አልከፈለም፤ ማንም አልጠየቀውም፤
ደብተር ግን ይጠይቃል።

መልሱ በመጋቢት መጣ፤ ወረቀቱ ስስ፣ ቃሉ ለስላሳ፤
ሌምፒ ቆማ አነበበችው፣ የጫማዋን በረዶ ሳታነሣ።
ጋሪው ተፈቅዶልናል፤ ጎማውም፣ ቁልፉም፤
አምፖሉ ግን «ጥገና ነው»፤ ጥገና አይሸፈንም።
«ለአዲስ ሥራ እንጂ ላሮጌ አይውልም» ይላል የደንቡ ቃል፤
ሌምፒ ሳቀች፦ «ታዲያ ከላይ ካሮጌ ብርሃን ሌላ ማን ያበራልናል?»
ሳቋ ወዲያው አለቀ።
ከዚያ ጋሪውን የት እንደምናቆም መለካት ጀመርን፤
በበሩ አይገባም፤ በአራት ጣት ይሰፋል።

ሐሙስ ዕለት የደቡቡ ሰማይ ነደደ፤
ጭስ እንኳ አልወጣው፤ ጠቅ አለና ሄደ።
ግማሹ ጉልላት በከዋክብት ሞልቶ፣
ግማሹ እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ቀርቶ፣
ሌምፒ በጨለማው ይቅርታ ጀመረች፤
ድምፅዋ ተሰበረ፣ ከመሐል አቆመች።
ያኔ ከወንበር ሰባት፣ ኡርሆ ጉሮሮውን ጠራረገ፤
ወደ ጨለመው ጎን ለረጅም ጊዜ አየ፣
እንደ ባለሙያ፣ እንደ ገማች።

«በዚያ በኩል» አለ፣ «ገና አልተቆፈረም።»