አራተኛዋ

ሪችመንድ፣ ፍሬዘር ወንዝ ወደ ባሕር ሲያዘግም፣
አንድ አዳራሽ አለ፣ ዐይን ከዳር እስከ ዳር የማይፈጽም፤
ጣሪያው ጥድ ነው፤ ጥንዚዛ ቆሞ ሳለ የገደለው፣
ሞቶም ቀጥ ብሎ፣ ያን ሁሉ ሰው ያስጠለለው።
ከሥሩ በረዶ።
በረዶ እንላለን፣ ከሰማይ የሚወርደውንም፣
ማሳ የሚያጠፋውንም፣ መስታወት ሆኖ የሚተኛውንም፤
አንድ ቃል፣ ሦስት ጠባይ።
እነዚህ ሴቶች ግን ለእያንዳንዱ ስም አላቸው፣
ተረከዛቸው ነክቶ የሚነግራቸው።

እኛ ኦሎምፒክ ሲባል ሃያ አምስት ዙር ነው የምናውቀው፣
ደወል ሲደወል ማን ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ የምንጠብቀው።
የዚህ ዙሩ ስድስት ነው።
የእኔ ሥራ ቀላል ነበር፤ የጫማቸው ምላጭ ሲመታው
የመስመሩ ጥቁር ጎማ ከቦታው ይወጣል፤
እሱን ጎንበስ ብሎ ማንሳት፣ ወደ ቦታው መመለስ፣
ዞር ብሎ መቆም፣ ቀጥለው የሚመጡት እስኪያልፉ ድረስ።

ሦስት ሴቶች ናቸው፣ ከፖላንድ የመጡ፣
ያን ማታ ለነሐስ ከበረዶው የወጡ።
ፊተኛዋ ሉድቪካ፣ ነፋሱን በግንባሯ የምትቀድ፤
መካከለኛዋ ዶብሮስዋቫ፣ ከፊተኛዋ ጥላ የማትወርድ፤
ኋለኛዋ ያጎዳ።
ስሟ በእኛ ጆሮ ጉዳት ጉዳት ይላል፤
በአገሯ ግን እንጆሪ ማለት ነው፣ ነግረውኛል።
ፈጣኗ ብትፈጥን ለብቻዋ ምን ሊረባ፤
ሰዓቱ የሚቆመው ሦስተኛዋ ስትገባ!

በአራተኛው ዙር ያጎዳን ጉልበቷ ከዳት፤
ከፊቷ ያለችው አንድ ክንድ፣ ከዚያ ሁለት ክንድ ራቀቻት።
አፏ ተከፈተ፣ ጭኗ እንደ ድንጋይ ከበደ፣
ተገን የሆናት ጀርባ አመለጠና ነፋሱ ደረቷን ናደ።
ዶብሮስዋቫ ዞራ አላየችም፤
ዞሮ ማየት ፍጥነት ይበላል።
በጆሮዋ ነው ያወቀችው፤
ከኋላዋ የነበረው የምላጭ ድምፅ
ቅጭ፣ ቅጭ፣
ቅጭ
እያለ ሲሳሳ ሰማች።
ከገዛ ፍጥነቷ ቆርሳ ጣለች፣
ወደ ጎን ወጥታ አሳለፈቻት፣
ከኋላ ሆና ወገቧን በመዳፏ ገፋች።
ከዚያ ወዲያ ሦስተኛዋ እሷ ሆነች።
እኔ ጎማ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ መመለሱን ረስቼ።

ከአጥሩ ማዶ ሃልሽካ፣ አራተኛዋ።
ተጠባባቂ ናት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተሰለፈችም።
በትከሻዋ ሦስት ካፖርት፣
በእጇ ሦስት ጥንድ የምላጭ አፎት፣
ድምፅዋ ተሰብሮ ቁጥር ትጠራለች፤
የማላውቀው ቋንቋ ነው፣ ቁጥር መሆኑን ግን አላጣሁትም።

ሰሌዳው በራ።
ሰከንድን መቶ ቦታ ቢቆርሱት፣
ሦስት ፍርፋሪ ያህል ቀድመዋል።
ሃልሽካ አጥሩን ዘላ ገባች፤
ካፖርቱን አለበሰች፤ ተንበርክካ
ስድስቱንም ምላጭ አንድ በአንድ ከአፎቱ ከተተች።
ማታውኑ ሦስት ሜዳሊያ ተሰጠ፤
የተሰለፈ እንጂ የተጠባበቀ አይሸለምም፣
ሕግ ነው፣ ሕግ ደግሞ ፊት አይቶ አያዳላም።
እሷም አጨበጨበች፣
ጓንቷን አውልቃ፣ እንዲሰማ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ መብራቱ በግማሽ ሲጠፋ፣
ጎማዎቼን እየለቀምሁ ሳለ ድምፁን ሰማሁት፤
ቅጭ፣ ቅጭ።
ብቻዋን ናት። ከፊቷ ጥላ የሚሆናት የለም፤
ፊተኛዋም እሷ፣ መካከለኛዋም፣ ኋለኛዋም።
ምንም አላልሁ።
የለቀምሁትን ጎማ መልሼ ደረደርሁላት፣
በእጅ ሰዓቴ ስድስቱን ዙር ያዝሁላት።
አልጠየቀችኝም። አልነገርኋትም።
ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍሁት፤
ለእናንተም አልነግራችሁም።

ወደ ባቡሩ ስሄድ ይዘንባል፣
የሪችመንድ ዝናብ፣ በረዶ መሆን ያልፈለገ።
አንዱን እጄን ለዣንጥላው ተውሁት፣
ሌላውን ኪሴ ከተትሁት።