አራት ኦም

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አስር፣ ከጎማ ቤቱ በስተጀርባ፣
በጠዋት የሚግል ቆርቆሮ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያስገባ፤
የኡስታድ ጉልዛር ሱቅ ነው። ስድስት ዓመት ቆየሁበት፣
የሰው መኪና በር እየፈታሁ ድምፅ ስከትበት።

የመጀመሪያው ቀን ስፒከር ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ፤
«አራት ኦም» አለኝ።
ያኔ የማውቀው ዐረብኛ አምስት ቃል ቢሞላ ነው፤
አንዱ «ኡም» ነው፣ እናት።
አራት እናት! መዳፍ ለምታህል ወረቀት?
ኡስታድ ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀብኝ፤
ኋላ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነገረኝ፦
«ኦም እምቢታ ነው ልጄ። እምቢ የማይል ስፒከር
አምፕሊፋየሩን ያነደዋል።»
በእኛ አፍ ብመልሰው፣ በቃኝ የማያውቅ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላምንም።
«ሁለት ሺህ ዋት» ተብሎ በወርቅ ቀለም የደመቀው፣
የአንድ ብልጭታ ጉልበት ነው፤ ሰከንድ አይዘልቅም ብጠይቀው።
እውነቱ ከታች ነው፣ ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፤
ቀኑን ሙሉ ሳይግል የሚሰጠው። ሰባ አምስት ከሆነ፣ ሰባ አምስት ይበል።
ደላላዬም ደሞዜን የነገረኝ በወርቅ ቀለም ነበር።

ራሺድ ነጩን ፓትሮል እያስጓራ ይመጣል፤
«ያ ሐበሺ፣ መስታወቱ ይንቀጥቀጥ» ይላል።
ከስፒከሮቹ የሚበልጥ አምፕ፣ ጌኑን ዝቅ አድርጌ አስርለታለሁ።
ትርፍ ጉልበት ዝም ሲል አይጎዳም፤
ሦስት ዓመት ሆነው፣ አንድ ስፒከር አልነደደበትም።

ሰው «ትልቁ ትንሹን ፈጀው» ይላል።
እኔ ግን ባልዲ ሙሉ ሬሳ አለኝ፣ ጥቅልሉ የጠቆረ፣
የተቃጠለ ፀጉር የሚሸት፤
አብዛኛውን የገደለው ትንሹ ነው፣
ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጩህ የተባለው።
የማዕበሉ ክብ ራስ ጣሪያ ገጭቶ ይጠፈጠፋል፤
ከውጭ ጩኸት ይመስላል፣ ከውስጥ ይጠብሳል።

ኑርሁሴን የሐርቡ ልጅ ነው፣ የውሃ ቦቴ ይነዳል፤
ከአጅማን ሰልባጅ ገበያ አንዲት ሚጢጢ አምፕ፣
አራት ትልልቅ ስፒከር ይዞ መጣ።
ለዘፈን አይደለም። የሚስቱ የድምፅ መልእክት አስራ አንድ ደቂቃ ነው፤
ሞተሩ ግማሹን እየበላበት ቸግሮት ነው።
በሁለቱ ስንሞክረው ዘሀራ ሱቁን ሞልታ መጣች፤
የቆርቆሮውን፣ የሚስማሩን፣ የአናጢውን ዋጋ ቆጠረች፤
የአማቿን መድኃኒት፣ የአጎቱን ልጅ ሠርግ፤
መጨረሻ ላይ፣ «ሰማኸኝ ወይ?»
«ሰማሁ» አለ ኑርሁሴን፣ ለመኪናው በር።
ኡስታድ ብቅ ብሎ «ዘፋኟ ማን ናት?» ቢል፣
አልመለስንለትም።

«አራቱንም ጎን ለጎን እሰራቸው፣ ይጩኹ።»
«አራት ኦም ከአራት ኦም ጎን ለጎን ሲታሰር ሁለት ነው።»
«ተደምሮ ያንሳል?»
«እዚህ ያንሳል። በበዙ ቁጥር እምቢታው ይቀልጣል፤
ሁሉም ባንዴ ይጠባሉ፤ ያቺ ሚስኪን ትቃጠላለች።»
«ታዲያ?»
«በተራ። አንዱ በሌላው በኩል።»

ሁለት ሁለቱን በተራ አሰርኳቸው። ድምፁ ወረደ።
ዘሀራ ራቅ ብላ፣ ግን ጥርት ብላ ተሰማች።
ቅር እንዳለው ነድቶ ሄደ፤
የጎደለው ሠላሳ ድርሃም ለወሩ መጨረሻ ነው።

ሌሊት፣ ስምንት ሰው በሚያንኮራፋበት ክፍል፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እኔም መልእክት ቀዳሁ፤
ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለሁለቱም ወንድሞቼ፦
«ብሩ ይመጣል። ግን በተራ።»
አጠፋሁት። ደግሜ ቀዳሁት። ድምፄ ቀጥኖብኛል።
ላክሁት።

በሳምንቱ ቦቴው መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት፤
እጄን ከወንበሩ ሥር ሰድጄ የአምፗን ጀርባ ዳሰስኩ።
ሞቃለች፤
እጅ ግን ታስችላለች።