በውርጭ ላይ የተጫረ

አሥራ ሦስት ሌሊት በትምህርት ቤት ጣራ፣
ከባለሦስት እግሩ ከካሜራው ጋራ።
ፎርት ዩኮን ተኝታ፣ ወንዙ መንገድ ሆኖ፣
የውሾች ጩኸት እንኳ በብርዱ ተከድኖ።
በሬዲዮው የሚመጣ የደከመ ቃል፣
«ደመና ገባብን፤ ለነገ» ይለኛል።
በማግስቱ ጨረቃ፣ በማግስቱ ነፋስ፣
ቆጠራው ይወርዳል ከአራት ሊመለስ።

ኤድዊና ባለቁልፏ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣
ቴርሞስ አንጠልጥላ ወጣች ወደ እኛ፣
(ወደ እኔና ካሜራው)።
«ሰማዩ ላይ ምንድን ነው የምትረጩት?» አለች።
«ብረት ነው» አልኋት። መሰላሉን ይዛ ሳቀች።
«ባሪየም ነው ስሙ። በእሳት ይተንናል፤
እኛ ዘንድ ሳይነጋ እላይ ቀድሞ ይነጋል፤
ያን ብርሃን ሲጠጣ ከዚህ ይታየናል።»
«ታዲያ ለምን?»
«አንድ የማይታይ ነገር እላይ ስለሚፈስ፣
መሄጃውን ለማየት፣ ቀለም ለማልበስ።»
ዝም አለች። ቆየችና፦
«በረዶውን በስቶ አባቴም እንዲያ ነበር፤
መረብ ከመጣሉ በፊት ሰጋቱራ ይበትን ነበር፤
ውኃው ከሥር ወዴት እንደሚሄድ ሊማከር።»

አሥራ አራተኛው ሌሊት ቆጠራው አራትን አለፈ።
ሦስት። ሁለት። ከዚያ ሬዲዮው አረፈ።

አንድ አረንጓዴ ነጥብ። ሎሚ አከለ። ጨረቃ አከለ።
ከዚያ ለሁለት ተከፈለ።

ምንም ያልጎደለው ክብነቱን ይዞ ቀረ፣
ነፋስ ወደ ወሰደው እየተንከባለለ በረረ።
ሌላውን ፀሐይ አንዲት ኤሌክትሮን ቀማችው፤
ያቺው ጉድለት ግን መንገድ አሳየችው፦
ሐምራዊ ሆነ፣ ቀጠነ፣ ተሳበ እንደ ፈትል፣
በምድር ማግኔት ክር ላይ፣ ሞቼ እገኛለሁ ብለቅ ሲል።

ወደ ካሜራው ዞርሁ። ሌንሱ ታውሯል፤
የገዛ እስትንፋሴ ውርጭ ሆኖ ሰፍሯል።

ኤድዊና ግን ወርዳለች። በሦስተኛ ክፍል መስኮት፣
ከውስጥ በጋገረው ውርጭ ላይ፣ በቁልፏ ጫፍ ጫረችበት፦
መጀመሪያ ሦስት ኮከብ፣ ቦታው እንዳይጠፋ፤
ቀጥሎ ክቡን፣ ወደ ምሥራቅ የገፋ፤
መጨረሻ ፈትሉን፣ በአንድ ትንፋሽ።

ማስመሪያ ፈልጌ ዘንበል ያለበትን ለካሁ።
በመዝገቡ ላይ «ፎርት ዩኮን፦ ምስል የለም» ብዬ ጻፍሁ።

በሁለት ሰዓት ልጆቹ መጡ። ማሞቂያው ጋለ።
ኮከቦቹ ቀድመው ወረዱ፤ ክቡም ውኃ ሆኖ ኮለለ፤
ፈትሉ ግን እስከ ዕረፍት ደወል ዋለ።