ታክሲው እስኪሞላ

ረዳት ነኝ፤ እንጀራዬን የምበላው በጉሮሮዬ፣
ማዘጋጃ ሥር ቆሜ፣ በሩን ደግፌ በትከሻዬ፣
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ስል ይነጋል፣ ስል ይመሻል፤
ሹፌሩ ሸዋንግዛው «አንተ እያለህ ጡሩምባ ምን ይሠራል?»
ይለኛል። ድምፄ ቸርችልን ወርዶ ፖስታ ቤት ይደርሳል።

ልጄ ኪሩቤል ግን፣ ስምንት ዓመት ከመንፈቁ፣
«ስምህ ማነው?» ሲሉት፣ በገዛ ስሙ ነው መታነቁ።
«ኪ... ኪ...» ይልና ዓይኑን ይጨፍናል፣
አንገቱ ላይ አንዲት ሥር እንደ ክራር ክር ትወጠራለች፣
እግሩ መሬት ይደልቃል፤
ስሙም፣ በሩ ላይ እንደ ተቀረቀረ ወፍራም ተሳፋሪ፣
ወይ አይገባ ወይ አይወጣ፣ ይገፋል፣ ይገፋፋል።

ሰፈር «ተብታባ» አለው። ክፍሉ ዜማ አበጀለት።
እኔስ? እውነቱን ልናገር፣ ምን ልደብቀው፣
«ቶሎ በል!» ነበር የምለው።
«ቶሎ! ሰው እየጠበቀ ነው!»
ለተሳፋሪ «ጠጋ በሉ!» በምልበት ቃና ነው።

አክስቱ ጠበል ወሰደችው። ጎረቤት «ምላሱ ሥር ይቆረጥ» አለ።
አንዱ ብልጥ ደግሞ «ከደነገጠ ይለቀዋል» እያለ
ከበር ኋላ ዘሎ ጮኸበት፤
ልጁም ሦስት ቀን ዝም አለ።

ኋላ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ከማኅተም ቀራጩ በላይ፣
አንድ ክፍል አለ አሉን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ።
ደረጃው እንጨት ነው፤ አምስተኛው ሲረግጡት ያቃስታል።
ወይዘሮ ምንትዋብ ነጭ ጋዋን የላት፣ መርፌ የላት፤
ያላት አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ፣
ከብርጭቆ ወረቀት የቆረጠቻቸው ፊደላት።

ጥግ ላይ ሶልያና የምትባል ልጅ በጣቷ እየዳበሰች፣
«ቡ ክንዱን ዘረጋ፣ ቢ ጫማውን አጠለቀ፣
ቤ እግሩ ሥር ኳስ አለችው፣ ባ... ባ አንድ እግሩ አጠረ»
ትላለች። ሦስተኛ ክፍል ናት። ሰነፍ አይደለችም።
እኔ አራተኛ ላይ ሳቋርጥ፣ ፊደል እንደ ጉንዳን ሲተራመስብኝ፣
«ደደብ» ነው ያሉኝ፤ ኳሷን ያሳየኝ አልነበረም።
ዛሬም ታፔላ የምለየው በልማድ ነው፤
ይህን ለሰው አልነገርሁም።

«አባቱ፣ ሥራህ ምንድነው?» አለችኝ።
«ረዳት።»
«እንዴት ብለህ ነው የምትጣራው?»
አፈርሁ። በሹክሹክታ፣ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ...»
ኪሩቤል ቀና አለ። ጥርሱ ታየ።
«አ... አ... አባዬም ይደጋግማል!»
«ይደጋግማል» አለች፤ «ሰውም ይሳፈራል እንጂ አይስቅበትም።»

ከዚያ ወዲያ ለኔ እንጂ ለሱ አልነበረም ትምህርቱ፦
ዓይኑን እያየህ ስማው። ቃሉን አትንጠቀው ከፊቱ።
«ተንፍስ» አትበለው፣ «ረጋ በል» አትበለው፤ አንተ ርጋ።
ታክሲ ሳይሞላ ይነሣል?
ቃልም እንደዚያው ነው አለችኝ፤ ጠብቀው፣ እስኪሞላ።

አልዳነም፤ ውሸት አልወድም።
ቀን አለው፣ እንደ ሰፈራችን መብራት፤
አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ይበራል፣
አንዳንዴ ድርግም፣ መሀል እራት።
ቅዳሜ ግን ይዤው ወጣሁ። ሜክሲኮ ስንደርስ በሩን ያዘና
«ፒ... ፒ... ፒ... ፒያሳ!» አለ።
ጥቅል ጎመን የታቀፈች ሴትዮ ቀና ሳትል ገባች፤
ቦታ መኖሩን ጠየቀች እንጂ ስንት «ፒ» እንዳለ አልቆጠረች።

ፖስታ ቤት ጋ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ
«ስምህ ማነው ጎበዝ?» አሉት።
«ኪ...»
አፌ ሊቀድመው ተንደረደረ። ጥርሴን ነከስሁ።
ዳገቱን ጀመርነው፤ ሸዋንግዛው ማርሽ ቀነሰ።
«ኪ... ኪ...»
ሽማግሌው ይጠብቃሉ። ባለ ጎመኗም ትጠብቃለች።
አደባባዩን ዞርን።
«...ሩቤል» አለ፣ ማዘጋጃ ስንደርስ።

የዚያን ዙር ሂሳብ አልሰበሰብሁም፤
ሸዋንግዛው እስከ ዛሬ ይነታረከኛል።