ሌፍት

ሰሌዳው አርጅቷል፤ ጠመኔው ይደቃል፤
ጭጋጉ ክፍል ገብቶ ከኛ ጋር ይሞቃል።
ጉይጆ፣ ተራራ ላይ፤ ማክሰኞ፣ በኅዳር፤
አርባ አንድ ልጅ ይዣለሁ አንድ ምድጃ ዳር።

«ሌፍት» ብዬ ጻፍኩኝ፤ አራት ፊደል ብቻ፤
ሲያዩት ቀላል ነገር፣ ሲፈቱት ዘመቻ።
«አንዱ ፍቺው ግራ ነው፤ በልብ ወገን» አልኩ፤
ግራ እጆች ተነሡ። ቀኝም አይቼ ሳቅኩ።
«ሁለተኛው ሄደ ነው፤ ተነሣ፣ ነጎደ፤
‹አውቶቡሱ ሌፍት› ስትሉ፣ በቃ፣ ሄደ።
ሦስተኛው ቀረ ነው፤ ተረፈ፤ እንበል ሩዝ
ከድስቱ ግርጌ ላይ ለነገ የሚያዝ።»

በኛ ቋንቋ ግራ «ዙዎ» ነው፣ «ዞው» መሄድ፤
መትረፍ ደግሞ «ሸንግ»፤ ሦስት ሆሄ፣ ሦስት መንገድ።
እንግሊዝ ግን፣ እንጃ፣ ቃል አጥሮት ነው መሰል፣
የሄደን ከቀረ በአንድ ስም ይጠራል።
እኔም ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት፤
ባሕር ማዶን በካርታ እንጂ በዐይኔ አላየሁት።

«በምን እንለየው?» አለኝ ትንሹ ኪዩ።
«ቃል ብቻውን አይኖር፤ ጎረቤቱን እዩ።»

ምሳሌ አጻፍኳቸው። ብዙው ሩዝ ሆነብኝ፦
ሩዝ ቀረ፣ ድንች ቀረ፣ አውቶቡስ ሄደብኝ፤
አንዱማ ግራ ካልሲው መጥፋቱን ነገረኝ።

ከሦስተኛው ረድፍ፣ በግራ፣ መስኮት ሥር፣
ሎንግ ዪንሱዊ ናት፤ አታወራ፣ አትስቅ፤
ጽፋ ያስረከበችኝ ሁለት አጭር መስመር፦
«እናቴ ሌፍት።
እኔ ሌፍት።»

እናቷ ዶንግጓን ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ የጫማ ሶል ትለጥፋለች፤
በዓመት አንዴ፣ ለጸደዩ በዓል፣ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፤
አምና ትኬት ጠፋ ብላ ቀረች።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። ስህተት ነው፤
በ«እኔ» እና በ«ሌፍት» መካከል «አም» የምትባል
ትንሽ መረማመጃ ትጎድላለች።
ጠርቼ አሳየኋት፦ «‹አም› ስትገባ ነው የቀረሽው፤
ካላስገባሻት አንቺም ሄደሻል ማለት ነው።»
ወረቀቱን አየች። መስኮቱን አየች።
«ይሁን መምህር፤ እንዳለ ይተዉት» አለች።

ተውኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰዋስው ሳርም
እንዲያ ያለ ስህተት አሳልፌ አላውቅም።

ሰኞ ስም ስጠራ፣ ስሟ ጋ ስደርስ፣
ምድጃው ተንጣጣ፤ ሌላ የለም መልስ።
«ኪዩ፣ ጎረቤቷ ነህ፤ የት ናት?» ብለው
የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሠረው።

መዝገቡ ላይ፣ ከስሟ ትይዩ፣
«ሌፍት» ብዬ ጻፍኩ፣ በእንግሊዝ ፊደል፤
«አም»ን ላስገባ፣ አላስገባ ስል
እስክሪብቶዬ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አግዳሚዋ ሥር አንድ የሱፍ ጓንት ወድቋል፤
የግራ።